አንገት የሌለው ሐብል

አያቴ በወጣትነቷ የተነሣችው አንድ ፎቶግራፍ አለ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል። ሹሩባ ተሠርታ፣ ነጠላዋን በትከሻዋ ጣል አድርጋ፣ ካሜራውን እንደ ባላጋራ ትኩር ብላ ታየዋለች። አንገቷ ላይ ወፍራም የብር ድሪ አለ። ልጅ ሳለሁ ያንን ድሪ ፍለጋ ሣጥኗን ስንት ጊዜ እንደበረበርኩ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን። አንድ ቀን እጅ ከፍንጅ ያዘችኝ። ምን እንደምፈልግ ነገርኳትና ሣቀች። ለካ አባቴ ከጦር ሜዳ በሕይወት እንዲመለስላት ተስላ፣ ሲመለስ ድሪውን ለደብሩ አስገብታው ኖሯል።

«እና መቼ ይመልሱልሻል እማዬ?» አልኳት።

«የተሳሉት ነገር ከሰጡት በኋላ ‹የኔ› አይባልም ልጄ» አለችኝ። «እኔ መልሱልኝ አልልም፤ እነሱም አይሸጡትም።»

ይህን ነገር ረስቼው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ያስታወሰችኝ በአካል አይቻት የማላውቅ አንዲት ኔፓላዊት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2021 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የምታስተምር አንዲት ኔፓላዊት ምሁር በቺካጎው የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በ«አርት ኢንስቲትዩት»፣ የሂማላያ ዕቃዎች የተደረደሩበትን አዳራሽ ትጎበኛለች። ከአንድ የመስታወት ሣጥን ፊት ስትደርስ እግሯ ቆመ። በውስጡ በወርቅ የተለበጠ፣ በድንጋይ ፈርጥ የተንቆጠቆጠ የመዳብ ሐብል አለ። ሴትየዋ አለቀሰች። እዚያው ሰው በሚተላለፍበት አዳራሽ ውስጥ አጎንብሳ ጸለየች። ያየችውንም በተንቀሳቃሽ ምስል ቀርጻ ለዓለም አሰራጨችው።

ዕንቁ አይቶ መደነቅ የተለመደ ነው። ዋጋውን ሰምቶ «ወይ ጉድ!» ማለትም ያለ ነው። በአንድ ሐብል ፊት አጎንብሶ ማልቀስ ግን ምን ይሉታል? ታሪኩን ሳነብ ትዝ ያለችኝ አያቴ ናት። ሴትየዋ የሰገደችው ለጌጡ እንዳልሆነ ገባኝ። የሰገደችው ለጌጡ ባለቤት ነው። ይህንን ለመረዳት ግን ወደ ሂማላያ ተራሮች መሄድ ያስፈልጋል፤ አንባቢዬ አብሮኝ ይጓዝ።

ንጉሡና ታሌጁ

የኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ በተራሮች በተከበበ ለም ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። እስከ 18ኛው መቶ ዘመን ድረስ ሸለቆውን የገዙት የማላ ነገሥታት ነበሩ። እነዚህ ነገሥታት ታሌጁ የምትባል እንስት አምላክ የቤተ መንግሥታቸው ጠባቂ ናት ብለው ያምኑ ነበር። በ1564 ንጉሥ ማሄንድራ ማላ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ፣ በአሥራ ሁለት እርከን መሠረት ላይ የቆመ፣ ከፍታው ከ35 ሜትር በላይ የሆነ ቤተ መቅደስ አሠራላት። ቤተ መቅደሱ ዛሬም አለ። ሕዝብ እንዲገባ የሚፈቀደው ግን በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ ዳሻይን በሚባለው ታላቅ በዓል በዘጠነኛው ዕለት ነው።

ከማሄንድራ በኋላ ከተነሡት ሁሉ ስሙ የገነነው ፕራታፕ ማላ ነው፤ ከ1641 እስከ 1674 ነገሠ። ራሱን የባለቅኔዎች ንጉሥ ብሎ የሚጠራ፣ ቋንቋና ፊደል የሚወድ ሰው ነበር። በ1654 በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ ያስቀረጸው ጽሑፍ በ15 ዓይነት ፊደላትና ቋንቋዎች የተጻፈ ነው፤ ከመካከላቸው የአውሮፓ ቃላት ሁሉ አሉበት። የካትማንዱ ሰዎች ያንን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሰው ቢገኝ ከግድግዳው ወተት ይፈሳል ይላሉ።

እንዲህ ያለ ንጉሥ ስጦታ ሲሰጥ ሳይጽፍበት አያልፍም። የቺካጎው ሐብልም ጽሑፍ ተቀርጾበታል። የሚለውም ንጉሥ ፕራታፕ ማላ ለታሌጁ ያበረከተው መሆኑን ነው። አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ሐብሉ ጥሩ ወርቅ አይደለም፤ ወርቅ የተለበጠ መዳብ ነው። አንጥረኛ ዘንድ ወስደው በሚዛን ቢያስቀምጡት የአንድ መጠነኛ የሠርግ ጌጥ ያህል እንኳ አያወጣ ይሆናል። ክብደቱ ያለው በጽሑፉ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን ካትማንዱ ድሃ ከተማ አልነበረችም። በሕንድና በቲቤት መካከል ያለው የንግድ በር በእጇ ነበር። በፕራታፕ ማላ ጊዜ ከቲቤት ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት የቲቤት ገንዘብ የሚታተመው በካትማንዱ ሆነ። ቲቤት ጥሬ ብር ትልካለች፤ ካትማንዱ ሳንቲም አትማ ትመልሳለች። «ኔዋር» የሚባሉት የሸለቆው ነጋዴዎችም በቲቤት ዋና ከተማ በላሳ 32 የንግድ ቤቶች እንዲከፍቱ ተፈቀደላቸው። በዚህ መንገድ ብሩ፣ ወርቁና የከበረው ድንጋይ በተራሮቹ ጉሮሮ ሲመላለስ ኖረ። በኋላ ሳንቲሙ ውስጥ መዳብ እየበዛ ሲሄድ ነገሩ ተበላሸና ከ1788 እስከ 1792 የዘለቀ ጦርነት ካስነሡት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

ወርቅና ባዜቃ

የሂማላያን ጌጥ ስናይ ብዙውን ጊዜ «የቲቤት ሥራ» እንላለን። ከምርጦቹ ብዙዎቹ ግን የኔዋር አንጥረኞች እጅ ያረፈባቸው ናቸው። የእነዚህ አንጥረኞች ዋና መናኸሪያ ከካትማንዱ አጠገብ ያለችው የፓታን ከተማ ናት።

ዝናቸው ገና በ13ኛው መቶ ዘመን ተራራውን ተሻግሮ ነበር። በ1260 የቲቤት መነኮሳት የወርቅ መታሰቢያ ሐውልት ለማሠራት ባለሙያ ሲጠይቁ ከኔፓል 80 ያህል የእጅ ባለሙያዎች ተላኩ። መሪያቸው አርኒኮ የሚባል ገና ሃያ ያልሞላው ወጣት ነበር። ሥራው ተወዶለት እስከ ሞንጎሉ ንጉሠ ነገሥት እስከ ኩብላይ ካን ቤተ መንግሥት ደረሰ። በ1279 የተጠናቀቀውና ዛሬም በቤይጂንግ ከተማ ቆሞ የሚታየው ትልቁ ነጭ ሐውልት የእርሱ ሥራ ነው። በ1306 እዚያው ቻይና ውስጥ ሞተ።

ከእነዚህ አንጥረኞች ብዙዎቹ «ሻክያ» የሚባለው ወገን ናቸው። ሻክያዎች የቡድሃ መነኮሳት ዘር ነን የሚሉ፣ በማኅበረሰቡም ዘንድ ከፍ ያለ ቦታ ያላቸው ናቸው። ቤተ መቅደስ የሚያገለግለው ሰው ከአገልግሎቱ ሲመለስ መዶሻና መንጠቆውን ያነሣል። አንጥረኛን «ቡዳ» እያልን ስናርቅ ለኖርን ለእኛ ይህ ትንሽ ሊያሳፍረን ይገባል። ይሁን እንጂ ተራሮቹ ሁሉ እንዲህ አልነበሩም፤ በቲቤትና በላዳክ ብረት ቀጥቃጭ እንደ እኛው ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ሰው ነበር።

መዳብን ወርቅ የማልበሱ ሥራ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ወርቁ ከባዜቃ ጋር ተደባልቆ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ሊጥ ይሆናል። ሊጡ በጠራው መዳብ ላይ ይቀባል። ከዚያም በእሳት ሲሞቅ ባዜቃው ተንኖ ይሄዳል፤ ወርቁ ከመዳቡ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። መጀመሪያ ደብዛዛ ይሆናል፤ በድንጋይ ሲታሽና ሲወለወል ነው የሚያበራው። ተንኖ የሄደው ባዜቃ ግን ዝም ብሎ አይጠፋም። በአንጥረኛው ሳንባ ይገባል፤ ነርቩን ይጎዳል፤ እጁን ያንቀጠቅጣል። ከአንድ ወርቅ ቅብ ሐብል ጀርባ የአንድ ሰው ጤና አለ ማለት ነው። ይህ ሙያ በፓታን ዛሬም አልጠፋም።

ከባሕር እስከ ተራራ

አሁን ወደ ፈርጦቹ እንምጣ። በሂማላያ ጌጥ ላይ ሁለት ቀለማት ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የሰማይ ቀለም ያለው ቱርኩዋዝና ደም የመሰለው ኮራል።

ቱርኩዋዝ ለቲቤት ሰው እንደ ሌላው ድንጋይ አይደለም። የሰው ነፍስ የምታርፍበት ድንጋይ ነው ተብሎ ይታመንበት ነበር። ሕፃን ሲወለድ ይታሰርለታል፤ ሴት በጠጉሯ ላይ ታደርገዋለች፤ ወንድ በጆሮው ላይ ያንጠለጥለዋል። ድንጋዩ ያረጃል፣ ይታመማል፣ ይሞታልም ይባላል። ይህ እምነት ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። ቱርኩዋዝ በውስጡ መዳብና አሉሚኒየም ያለበት፣ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያሉት ማዕድን ነው። ከገላ የሚወጣውን ወዝና ላብ ይጠጣል፤ በዘመን ብዛትም ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ከሰው ጋር ሲኖር ከሰው ጋር ይለወጣል። የአያትን ገላ የጠጣ ድንጋይ የልጅ ልጅ አንገት ላይ ሲውል «ነፍስ አለው» ቢባል ምን ይገርማል?

በዓለም የታወቀው ምርጡ ቱርኩዋዝ ከፋርስ፣ ከኒሻፑር ይመጣ ነበር። ከቻይናም ይመጣል። ኮራሉ ደግሞ ከዚያ የባሰ መንገደኛ ነው። ቀይ ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ድንጋይ አይደለም፤ በሜዲትራኒያን ባሕር ወለል ላይ ጥቃቅን እንስሳት በብዙ ዓመታት የሚገነቡት ቅርንጫፍ ነው። ከሰርዲኒያና ከሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ይወጣል፤ በጣሊያን ይቆረጣል፤ በመርከብ ወደ ሕንድ ይሄዳል፤ ከዚያ በበቅሎና በያክ ጀርባ ባሕር አይተው ወደማያውቁ ሰዎች ይወጣል። ገና በ13ኛው መቶ ዘመን ማርኮ ፖሎ በቲቤት ኮራል እጅግ ውድ እንደሆነ፣ ሰዎቹም በሴቶቻቸውና በጣዖቶቻቸው አንገት ላይ እንደሚያንጠለጥሉት መዝግቧል። ሴቶቹና አማልክቱ አንድ ዓይነት ጌጥ ማድረጋቸውን ልብ ይሏል።

ሦስተኛው እንግዳ ዓምበር ነው፤ የጥንት ዛፍ ሙጫ ደርቆ ድንጋይ የሆነው። ፈረንሳዊው የዕንቁ ነጋዴ ታቬርኒዬ በ1676 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ በሕንድ በፓትና ከተማ ስላገኛቸው አርመኖች ይተርካል። ሰዎቹ ከባልቲክ ባሕር ጠረፍ፣ ከዳንዚግ (ከዛሬዋ የፖላንድ ግዳንስክ) የዓምበር ዕቃ አሠርተው ወደ ተራሮቹ አገር ያመላልሱ ነበር። ሆቭሃኔስ የሚባል ሌላ አርመናዊ ነጋዴ በ1686 ላሳ ገብቶ ዓመታት ተቀምጧል። የሂሳብ መዝገቡ ዛሬ በሊዝበን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። አርመንና ወርቅ ሥራ የተዋወቁት በእኛ ፒያሳ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ወርቁስ? ወርቁ ከዚያው ከቲቤት ይወጣ ነበር። በ1867 የእንግሊዝ ሕንድ መንግሥት በድብቅ የላካቸው የአገሬው ቀያሾች ቶክ ጃሉንግ ወደሚባል የወርቅ ማውጫ ደረሱ። ቦታው ወደ 5,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ቆፋሪዎቹ በድንኳን ይኖራሉ። የሚገርመው ከበጋው ይልቅ ብርዱን የሚመርጡ መሆናቸው ነው፤ አፈሩ በረዶ ሲሆን አይናድባቸውም። የዚያን ዘመን መንገደኞች እንደጻፉት፣ ቲቤታውያን ትልልቅ የወርቅ እንክብል ሲያገኙ መልሰው ይቀብሩት ነበር። ትልቁ የትንንሾቹ ወላጅ ነው፤ እርሱ ከተወሰደ መሬቱ ይመክናል ብለው ያምኑ ነበርና።

አንገት ማረፊያ ነው

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል የአገራችን ሰው። በሂማላያ ግን፣ በደንብ ካሰብነው፣ ወርቁ ሁሉ የሰው ነው። ጌጡን ያደረገው ሰው ለጊዜው ተሸካሚው እንጂ የመጨረሻ ባለቤቱ አይደለም።

ላዳክን እንውሰድ። በሕንድ ሰሜናዊ ጫፍ ባለው በዚህ ደጋ ሴቶች «ፔራክ» የሚባል የራስ ጌጥ አላቸው። ከግንባር ተነሥቶ በራስ ላይ አልፎ በጀርባ ይወርዳል፤ አንገቱን ያነሣ እባብ ይመስላል። በቆዳና በጨርቅ ላይ ቱርኩዋዝ ተሰፍቶበት፣ ሀብታም ቤት ከሆነ ከመቶ በላይ ድንጋይ ይደረደርበታል። የረድፎቹ ብዛት የማዕረግ ምልክት ነው፤ ዘጠኝ ረድፍ ለንጉሥ ቤት ሴቶች ይሰጥ ነበር። ፔራክ ከእናት ወደ ታላቂቱ ሴት ልጅ ይተላለፋል። እያንዳንዷ እናት የምትችለውን ያህል ድንጋይ ትጨምርበታለች። እንግዲህ የማን ነው ይባላል? ያለፉት ያዋጡበት፣ የሚመጡት የሚጠብቁት ነው።

በላሳ ደግሞ የአዲስ ዓመት በዓል ሲደርስ ጥቂት ወጣት ሹማምንት የጥንት ነገሥታት አልባሳትና ጌጥ ነው የተባለውን ለብሰው ይታዩ ነበር። የወርቅ ጉትቻው፣ የቱርኩዋዙ የደረት ጌጥ፣ የዓምበሩ ሐብል ይጠበቅ የነበረው በፖታላ ቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት ነው። በዓሉ ሲያልቅ ወደዚያው ይመለሳል። ሹሙ ለአንድ ሰሞን ንጉሥ ይመስላል፤ ከዚያ ያው ሹም ነው።

ቲቤታውያን በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት «ጋኡ» የሚባል ትንሽ የብር ወይም የወርቅ ሣጥንም አለ። የእኛን ክታብ የሚያውቅ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። ፊቱ በቱርኩዋዝ ያጌጣል፤ ውስጡ ግን የታተመ ጸሎት፣ ከጭቃ የተሠራ ትንሽ የቅዱስ ምስል ወይም ከአንድ የተከበረ መምህር ልብስ የተቀደደ ቁራጭ ጨርቅ ይይዛል። አላፊ አግዳሚው የሚያየው ወርቁን ነው፤ ባለቤቱን የሚጠብቀው ጨርቁ ነው። በሙዚየሞች ውስጥ ክዳናቸው ተከፍቶ ባዶአቸውን የተቀመጡ ጋኡዎችን ፎቶግራፍ ሳይ ሥጋው የቀረ ቀንድ አውጣ ይመስሉኛል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የካትማንዱዋ ኩማሪ ናት። ኩማሪ ታሌጁ ያደረችባት ሕያው አምላክ ተደርጋ የምትከበር ሕፃን ልጅ ናት። የምትመረጠው ከሻክያዎች ወገን ነው፤ ብዙ አንጥረኞች ከወጡበት ከዚያው ወገን። ቀይ ልብስ ትለብሳለች፤ ግንባሯ ላይ ዓይን ይሣልላታል፤ በትልልቅ በዓላት የእባብ ቅርጽ ያለው የወርቅ ሐብልና ሌላ ከባድ ጌጥ ይደረግላታል። ንጉሥ ሳይቀር ይሰግድላት ነበር። የመጀመሪያውን የወር አበባ ያየች ዕለት ግን አምላክነቷ ያበቃል። ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ጌጡ አብሯት አይሄድም፤ የምትተካውን ሕፃን ይጠብቃል። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከአንገቷ ላይ ያንን ሁሉ ወርቅ አውርዳ ባዶ አንገቷን ይዛ ስትወጣ ምን እንደሚሰማት አስባለሁ። ግን ማንም «ተቀማች» አይልም። አንገቷ ማረፊያ ነበር፤ ጌጡ የታሌጁ ነው።

ሦስት የመውጫ መንገዶች

ታዲያ ይህ ሁሉ ጌጥ እንዴት ወደ ምዕራባውያን መስታወት ውስጥ ገባ? በእኔ አስተያየት ሦስት መንገዶች አሉ፤ መለያየትም አለባቸው።

አንደኛው ጦር ነው። በ1904 ከእንግሊዝ ሕንድ የተነሣ ጦር ወደ ቲቤት ዘምቶ የጊያንጼን ምሽግ ሰብሮ ላሳ ገባ። ከጦሩ ጋር ዋዴል የሚባል ሐኪም መኮንን ነበር፤ መጻሕፍትና ቅርሶችን ለሙዚየሞች እንዲሰበስብ በመንግሥት የተመደበ ሰው ነው። ይህ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ አዲስ ነገር አይደለም። በ1868 መቅደላ የወጣው የናፒየር ጦርም የተነሣው ከዚያው ከሕንድ፣ ከቦምቤይ ነበር። ከእርሱም ጋር ሆምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ተመድቦ ነበር። የመቅደላው የወርቅ ዘውድና ጽዋ ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ይታያሉ። ሁለቱ ዘመቻዎች በ36 ዓመት ይራራቃሉ፤ የተሠራባቸው ዘዴ ግን አንድ ነው። ፊት ፊት መድፉ ይሄዳል፤ ከኋላ ሰብሳቢው ይከተላል።

ሁለተኛው ስደት ነው። በመጋቢት 1959 በላሳ በቻይና አገዛዝ ላይ ሕዝባዊ ዐመፅ ተነሣ፤ ዳላይ ላማ ወደ ሕንድ ሸሹ። በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ቲቤታውያን ተከተሏቸው። ቤትና መሬት በጀርባ አይታዘልም፤ ጉትቻና ሐብል ግን በጉያ ይያዛል። ተሰዳጆቹ በኔፓልና በሕንድ ከተሞች ያንን የእናት ጌጥ በዳቦ ለወጡት። በእነዚህ ሰዎች ላይ ቃል የሚወጣኝ አይደለሁም። ልጅ የሚያበላ ሰው የገዛ ቱርኩዋዙን ቢሸጥ መብቱም ግዴታውም ነው። የከፋው ነገር ግዴታ ውስጥ የጣለው ነው።

ሦስተኛው ሌብነት ነው። ኔፓል ለውጭ ሰው በሯን ከከፈተች ወዲህ፣ በተለይ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፣ የካትማንዱ ሸለቆ አማልክት በሌሊት ከየመቅደሳቸው እየተነቀሉ ጠፉ። ላይን ሲንግ ባንግዴል የተባለው የኔፓል ሠዓሊና ምሁር በ1989 ባሳተመው መጽሐፉ የተሰረቁትን ምስሎች ከነበሩበት ቦታ ፎቶግራፍ ጋር አሳይቷል። ከመካከላቸው አንዱ፣ በ1984 ከፓታን የተሰረቀው የቪሽኑና የላክሽሚ ምስል፣ አሜሪካ ዳላስ ተገኝቶ በ2021 ተመልሷል። የሰፈሩ ሰው በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በቦታው የቆመውን ቅጂ ሲያመልክ ቆይቶ ባለቤቱን በእልልታ ተቀበለ።

ደረሰኙ የት አለ?

ወደ ሐብላችን እንመለስ። በ2023 የአሜሪካ ጋዜጠኞች ባወጡት ምርመራ መሠረት ሐብሉን አንድ የቺካጎ ሰብሳቢ ቤተሰብ በ1976 ከካሊፎርኒያ ነጋዴ ገዛው፤ በ2010 ለሙዚየሙ ተሰጠ። ያቺ ምሁር ካለቀሰች በኋላ የኔፓል መንግሥት ይመለስልኝ ብሎ ጻፈ። ሙዚየሙ በግንቦት 2022 በላከው መልስ ተጨማሪ መረጃ ጠየቀ። ዘገባው ሲወጣ ነገሩ እዚያው ላይ ቆሞ ነበር።

የሙዚየሙን ወገን ክርክር ማጣጣል አልፈልግም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው፤ ለማይገባው ሰው መመለስም ጥፋት ነው። በ2015 የመሬት መንቀጥቀጥ ካትማንዱን ሲመታ የቤተ መንግሥቱ ግቢ ራሱ ተጎድቷል፤ በቺካጎ ግን ሐብሉ ሙቀቱና እርጥበቱ እየተለካለት ተቀምጦ ነበር። በዓመት አንድ ቀን ብቻ በሚከፈት መቅደስ ውስጥ ካለ ማን ያየዋል? በሙዚየም ቢሆን ሕዝብ ያየዋል። እውነት ነው።

ግን ሐብሉ የተሠራው ሕዝብ እንዲያየው ነው ያለው ማነው? አያቴ ድሪዋን ለደብሩ ስታስገባ ሰው እንዲያይላት አልነበረም። አንዳንድ ነገር የሚሰጠው እንዳይታይ ነው። የሚታየው ነገር ሁሉ ለሁሉ መታየት አለበት የሚለው ሐሳብ ራሱ የአንድ ዘመንና የአንድ አገር እምነት ነው፤ ካትማንዱ ይህን እምነት የመቀበል ግዴታ የለባትም።

መረጃውን በተመለከተ ደግሞ ሁለት ነገር አለ። ኔፓል ጥንታዊ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግ ያወጣችው በ1956 ነው፤ ሐብሉ ከመሸጡ ሃያ ዓመት በፊት። ሁለተኛው ሕግ አዋቂ አያስፈልገውም። ብዙ የጥንት ዕቃዎች የማን እንደነበሩ ለማወቅ ያስቸግራል፤ አፋቸው ዝግ ነው። ይህኛው ግን ይናገራል። ሰጪው ማን እንደሆነ፣ ተቀባይዋ ማን እንደሆነች ገላው ላይ ተጽፏል። ንጉሡ ደረሰኙን ከዕቃው ጋር ነው የሰጠው። የጎደለው ሌላኛው ደረሰኝ ነው፤ ታሌጁ ሸጥኩት ያለችበት።

እዚህ ላይ ነው ጦሩን፣ ስደተኛውንና ሌባውን መለየት ያስፈልጋል ያልኩት። ስደተኛዋ የሸጠችው የራሷን ነው። የታሌጁን ሐብል ግን ንጉሡ እንኳ ከሰጠ በኋላ ሊሸጠው አይችልም ነበር፤ የእርሱ አይደለምና። ካህኑም አይችልም፤ ጠባቂ ነውና። ማንም ሻጭ ሊሆንበት የማይችል ዕቃ ገዢ እንዴት ይኖረዋል?

የሐብሉ የመጨረሻ ዕጣ ምንም ይሁን ምን፣ ያቺ ሴት በመስታወቱ ፊት ያየችውን ከእንግዲህ እኔም አያለሁ። የመስታወቱ ሣጥን ንጹሕ ነው፤ መብራቱ ልክ ነው፤ መግለጫው ካርድ በጥሩ ፊደል ተጽፏል። የጎደለው አንገት ነው።

አያቴ ካረፈች ዓመታት አለፉ። ፎቶግራፉ እኔ ጋ ነው። ባለፈው በዓል ወደዚያ ደብር ሄጄ ነበር፤ ድሪው በዕቃ ቤቱ መኖር አለመኖሩን ልጠይቅ አስቤ። አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ በሩ ላይ ቆመው «ምን ልታዘዝ ልጄ?» አሉኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን «መስቀል ያሳልሙኝ አባ» አልኳቸውና ተሳልሜ ተመለስኩ።